በጥቂት ድምፅ ብዙ መስማት፦ ከሰቆጣ የሚነሣው የክላሲካል ሙዚቃ መንገድ

በሰቆጣና በዙሪያዋ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት፣ በዓመት ንግሥ ሌሊት፣ ማኅሌቱ የሚነሣው ያለ ከበሮ ነው። ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ተደግፈው በቀኝና በግራ ይቆማሉ፤ መሪው ቃሉን ያነሣል፣ ሌላው ወገን ይቀበላል። ቁም ዜማ ነው፤ ከሰው ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። ጥቂት ቆይቶ ያው ቃል በዝማሜ ይመለሳል፤ መቋሚያዎቹ ከትከሻ ጋር አብረው ዘንበል ቀና ይላሉ። ከዚያ መረግድ ይገባል፤ ከበሮው በዝግታ፣ እየተራራቀ ይመታል፣ ጸናጽሉ ይከተለዋል። ጽፋት ላይ ሲደረስ ምቱ ይፈጥናል፣ እጅ ይጨበጨባል፣ እልልታው ይቀልጣል። ቀደም ሲል በእርጋታ የተጀመረውና አሁን ቅጥሩን የሚሞላው ግን አንድ ቃል ነው። የተለወጠው ፍጥነቱ፣ ክብደቱና አብሮት የሚንቀሳቀሰው አካል ነው። በዚህ ሌሊት ቆሞ ያደረ ሰው፣ አንድ ትንሽ ነገር እየተመላለሰና ቀስ እያለ ሲያድግ እንዴት እንደሚደመጥ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል።

ይህን ማስቀደሜ በምክንያት ነው። ዛሬ ሰቆጣም ሆነ አምደወርቅ ላይ ስልክ የያዘ ወጣት፣ በፊልም ወይም በአጭር ቪዲዮ ሥር የሚፈስስ ዘገምተኛ የፒያኖ ዜማ ይሰማል። ሁለት ሦስት ድምፅ ብቻ ነው፤ ይመላለሳል፤ ምንም የሚያስቸኩል የለውም። ደስ ይለዋል፤ ምን እንደሚባልም መጠየቅ ይጀምራል። የሚያገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ የባዕዳን ስም ዝርዝር ነው፤ ሳቲ፣ ግላስ፣ ራይሽ፣ ፔርት። ከዝርዝሩ ጋር አንድ ያልተነገረ ሐሳብ አብሮ ይመጣል፤ ይህ ሙዚቃ የሩቅ ሰዎች ነው፣ አንተ ወደ እሱ የምትገባው እንደ እንግዳ ነው የሚል። ይህ ሐሳብ ስሕተት ነው ብዬ እከራከራለሁ። በጥቂት ድምፅ የሚሠራውን፣ ቀላል መስሎ የሚታየውን ክላሲካል ሙዚቃ ለመስማት የሚያስፈልገው ጆሮ በዋግ ኽምራ ደጋ ላይ አለ። አዲሱ አድማጭ መንገዱን መጀመር ያለበትም ከዚሁ፣ በቅርብ ካለው ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባል የለ።

በመጀመሪያ ግን ስለ ምን እንደምናወራ ይጥራ። ሚኒማሊዝም የሚባለው የሙዚቃ ስልት በስሙ የታወቀው በአሜሪካ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። ቴሪ ራይሊ በ1964 ባቀረበው ሥራው 53 አጫጭር የዜማ ቁርጥራጮችን ጽፎ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች የፈለገውን ያህል ጊዜ እየደጋገመ ወደሚቀጥለው እንዲያልፍ ፈቀደ። ስቲቭ ራይሽ በ1967 ሁለት ፒያኖዎች አንድን ዜማ እኩል ጀምረው አንደኛው በጥቂት በጥቂቱ እንዲቀድም አደረገ፤ ከዚያ መቀዳደም ብቻ አዲስ አዲስ ዜማ ይወለዳል። በ1968 በጻፈው አጭር ጽሑፍም፣ ሙዚቃ የሚለወጥበትን ሂደት አድማጩ እየሆነ እያለ ሊሰማው እንደሚገባ ተከራከረ። ፊሊፕ ግላስ በፓሪስ ከሕንዳዊው የሲታር ሊቅ ከራቪ ሻንካር ጋር ሠርቶ ሪትምን በትንንሽ አሐዶች መደማመር የመገንባት ዘዴ ተማረ። ራይሽ ደግሞ በ1970 ወደ ጋና ሄዶ ከበሮ ተማረ፤ ኋላም የመጽሐፍ ቅዱስን የዕብራይስጥ ንባብ ዜማ አጥንቶ በ1981 መዝሙረ ዳዊትን የሚያዜም ትልቅ ሥራ አወጣ። እነዚህን ሰዎች ልብ ብሎ ለተመለከተ አንድ ነገር ግልጽ ነው። የስልቱ አባቶች የሚባሉት ራሳቸው፣ የአውሮፓ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ያላስተማራቸውን ድግግሞሽና ትዕግሥት ፍለጋ ወደ አፍሪካ፣ ወደ እስያና ወደ ጥንታዊ የጸሎት ዜማ ወጥተዋል። አፍሪካዊው አድማጭ ወደዚህ ቤት ሲገባ ከመሠረቱ ድንጋዮች ጥቂቱ ከራሱ አህጉር የመጡ መሆናቸውን ይወቅ።

ከእነሱ አስቀድሞ ፈረንሳዊው ኤሪክ ሳቲ ነበር። በ1888 የጻፋቸው ሦስቱ ጂምኖፔዲዎች የግራ እጅ ዝግ ብሎ የሚረግጣቸው ጥቂት ድምፆችና በላያቸው የሚንሳፈፍ አንድ ዜማ ብቻ ናቸው፤ እስከ ዛሬ የጀማሪ ፒያኒስትም የጀማሪ አድማጭም መግቢያ በር ሆነው ያገለግላሉ። ይኸው ሳቲ በ1890ዎቹ አንዲት ገጽ ሙዚቃ ጽፎ 840 ጊዜ ስለ መደጋገም የሚያነሣ ማስታወሻ አኖረባት። በ1963 አቀናባሪው ጆን ኬጅ በኒው ዮርክ ተጫዋቾችን እያፈራረቀ ሲያስጫውታት ከ18 ሰዓት በላይ ፈጀች፤ ጋዜጦቹም እንደ ጉድ ዘገቡት። ሌሊቱን ሙሉ በመቋሚያ ለሚቆም ሕዝብ ግን ይህ ያን ያህል ጉድ አይደለም።

ለእኛ ጉዳይ ከሁሉም የሚቀርበው ግን የኢስቶኒያው አርቮ ፔርት ነው። በ1935 የተወለደው ፔርት በወጣትነቱ በዘመኑ ፋሽን የነበረውን እጅግ ውስብስብ ሙዚቃ ይጽፍ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ግን ነጠፈ። ለዓመታት ከሞላ ጎደል ዝም ብሎ የጥንቱን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲያጠና ቆየ፤ በዚሁ መካከል ወደ ኦርቶዶክስ እምነት ገባ። በ1976 ከዝምታው ሲወጣ ይዞት የመጣው «ለአሊና» የተባለች፣ ሁለት ገጽ የማትሞላ የፒያኖ ሥራ ነበረች። አሠራሯን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። መጀመሪያ ከታች፣ ከፒያኖው ጥልቅ ወገን፣ አንድ ከባድ ድምፅ ይመታና ሳይነሣ እንዲያስተጋባ ይተዋል። ከላይ ሁለት እጆች ሁለት መስመር ይዘው ይጓዛሉ፤ አንደኛው ደረጃ በደረጃ የሚወጣና የሚወርድ ዜማ ነው፣ ሌላው ከሦስት ድምፆች ብቻ እየመረጠ ያጅበዋል። የመጀመሪያው ሐረግ አንዲት አጭር ድምፅና አንዲት ረጅም ማረፊያ ናት። ቀጣዩ ሁለት አጭር አለው፣ ቀጣዩ ሦስት፤ እንዲህ እያለ ሰባት ይደርሳል፣ ከዚያ በመጣበት ይመለሳል። የጊዜ ልክ አልተጻፈበትም። ለተጫዋቹ የተሰጠው መመሪያ በእርጋታ፣ በልዕልና፣ ወደ ውስጥ እያዳመጠ እንዲጫወት ነው። አንድ ሕፃን ኖታዎቹን በአንድ ቀን ሊያጠናቸው ይችላል፤ ለመጫወት ግን ብዙ ዓመት የሠለጠኑ ፒያኒስቶች ይፈሯታል፤ የሚሸሸጉበት የድምፅ ጫካ የለምና።

አሁን ከዚህ ሥራ ተነሥተን በገናን እንይ። በገና አሥር አውታር አለው፤ ከበግ አንጀት ይፈተላል። ሁሉም ግን አይደረደሩም። ደርዳሪው የሚነካቸው ከእነሱ የተወሰኑትን ነው፤ ሌሎቹ ጣት ተመልሶ የሚያርፍባቸው ናቸው። አሥር አውታር ኖሮት በከፊሉ ብቻ የሚናገር መሣሪያ መሆኑ ብቻውን ስለ አገሩ የሙዚቃ ጠባይ ብዙ ይነግረናል። የበገናን ያንን ከደረት የሚገባ ነዛሪ ድምፅ የሚሰጠው ደግሞ እንዚራው ነው፤ በእያንዳንዱ አውታርና አውታሩ በሚያርፍበት ብርኩማ መካከል የምትገባ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ። ደርዳሪው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዷን ቆዳ በጣቱ ገፋ፣ ሳብ ያደርጋታል፤ ከተገቢው ቦታ በፀጉር ያህል ብትዛነፍ አውታሩ ወይ ይታፈናል ወይ ይደርቃል። ጀማሪ አድማጭ ይህን ዝግጅት ቢያይ፣ የጥቂት ድምፅ ሙዚቃ የሚደክምበት የት ላይ እንደሆነ ይገባዋል። ድካሙ በድምፆቹ ብዛት ላይ ሳይሆን በእያንዳንዷ ድምፅ አካል ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ደርዳሪው አንድ አጭር የጣት ጉዞ ይዞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይደጋግመዋል፤ ድምፁንም ከሹክሹክታ ብዙ ሳያርቅ፣ ስለ ሞት፣ ስለ ንስሐ፣ ስለ ዓለም ኃላፊነት ያዜማል። በዐቢይ ጾም ይህን ሰምቶ ያደገ ሰው ፔርትን ሲሰማ የሚያስፈልገው አዲስ ጆሮ አይደለም። ስሙን ብቻ ነው የማያውቀው።

የዋግ ኽምራ ጆሮ በቤተ ክርስቲያን ብቻ የሠለጠነ አይደለም። በነሐሴ አጋማሽ፣ ፍልሰታ ሲፈታ፣ የሻደይ ሣር በወገባቸው አስረው የሚወጡት ልጃገረዶች ከበሮ ይዘው ሲያዜሙ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ አንዲትን አጭር መልስ ይዘው ይቀበሏታል። ግጥሙ ይለዋወጣል፤ መልሱ ግን ሳይለወጥ፣ በጭብጨባና በትከሻ እየታጀበ፣ ከሰዓት እስከ ሰዓት ይዘልቃል። ከአድማጩ የሚጠየቀው ነገር መልሱ መቼ ያበቃል ብሎ መጠበቅ አይደለም፤ መልሱ ውስጥ ገብቶ መቆየት ነው። ወደ ተከዜ በሚወርዱት ቆላማ ወረዳዎች ደግሞ እረኛው በአንዲት የሸምበቆ ዋሽንት፣ በጥቂት ቀዳዳ፣ ቀኑን ያመሻል። የቅኝቶቻችንም ነገር እንዲሁ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ብቻ አላቸው፤ ከአራቱም ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የወሎ ቦታዎች ስም ነው፤ ዋግም ለረጅም ዘመን የወሎ ጠቅላይ ግዛት አውራጃ ነበረች። በአምስት ድምፅ ዕድሜ ልክ መኖር የሚችል ሕዝብ ስለ ሙዚቃዊ ቁጠባ ከማንም ፈቃድ መጠየቅ የለበትም።

ከዚህ ጆሮ ወደ ፒያኖ የሚያሻግር ድልድይ ባይኖር ኖሮ ክርክሬ የተንጠለጠለ ይሆን ነበር። ድልድዩ አለ፤ ያውም አንድ ጫፉ ወሎ ላይ የቆመ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በታኅሣሥ 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ፤ የመጀመሪያ ስማቸው የውብዳር ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ የተማሩና በዘመናቸው የታወቁ ሰው ነበሩ፤ ልጃቸውንም በስድስት ዓመቷ ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ላኳት፤ ከሙዚቃ ጋር የተዋወቀችው እዚያ ነው። ከጣሊያን ጦርነት በኋላ ካይሮ ላይ በፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ሥር ቫዮሊንና ፒያኖ አጠናች፤ እሱም ኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የክብር ዘበኛን የሙዚቃ ክፍል መራ። ወጣቷ ለንደን ሄዳ እንድትማር ዕድል አግኝታ ነበር፤ ፈቃዱ ግን ሳይሰጣት ቀረ። ኀዘኑ እህል እስከ መተው አደረሳት። ከዚያም ሁሉን ትታ ወደ ግሸን ማርያም ወጣች፤ በ21 ዓመቷም መነኮሰች። በዚያ በአምባሰል ተራራ ላይ አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግሯ ኖረች፤ ፒያኖ አልነበረም። ከተራራው ወርደው ወደ መሣሪያው ሲመለሱ እማሆይ ከሾፓንና ከቤቶቨን ዓለም የተማሩት እጅ ከቅኝቱና ከዜማው ጋር ተዋሕዶ ነበር። ጎንደር ላይም የቅዱስ ያሬድን ዜማ ተምረዋል፤ ደጅ የሚያድሩትን የቆሎ ተማሪዎች ሲያዩ አዝነው በሙዚቃቸው ገንዘብ ሊረዷቸው ወሰኑ። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ታተመ። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢየሩሳሌም በደብረ ገነት ገዳም ኖሩ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. «ኢትዮጲክስ» በተባለው ተከታታይ ሲዲ 21ኛው ቅጽ ሆኖ ሥራቸው ሲወጣ ዓለም አወቃቸው። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው እዚያው ኢየሩሳሌም አረፉ።

ከሥራዎቻቸው «ቤት አልባው ተንከራታች» በሚል ትርጉም የሚታወቀውን እንስማ። ሰባት ደቂቃ ያህል ነው። አንድ ፒያኖ ብቻ። የግራ እጅ ጥቂት ድምፆችን እየረገጠ መሬቱን ይይዛል፤ የቀኙ ከላይ ይንከራተታል፤ አንዲት ድምፅ ላይ ይቆምና እንደ አዝማሪ ጉሮሮ በፍጥነት ያንቀጠቅጣታል፣ ከዚያ ይለቃታል። ሪትሙ የሰዓት ቆጣሪ ሪትም አይደለም፤ የሚተነፍስ ሰው ሪትም ነው። ሙዚቃው ወደ ትልቅ መደምደሚያ አይሮጥም፣ አድማጩን ለማስደነቅ ድምፁን አያነሣም። ያንኑ አምስት ድምፅ ከአንድ ወገን አይቶ፣ ተመልሶ ከሌላ ወገን ያየዋል። አንድ የሰቆጣ ወጣት ይህን ሲሰማ ቅኝቱን ወዲያው ያውቀዋል፤ የማያውቀው መሣሪያውን ነው። ሳቲን ወይም ፔርትን ቀድሞ ቢሰማ ግን መሣሪያውም ቋንቋውም በአንድ ጊዜ ባዕድ ይሆኑበታል። ለጀማሪ እማሆይን የማስቀድመው በዚህ ምክንያት ነው፤ አገራዊ ኩራት ቢጨመርበት ጥሩ፣ ዋናው ምክንያት ግን የማስተማር ሥርዓት ነው፤ ከሚታወቀው ወደማይታወቀው።

የሙዚቃ ሊቃውንት እዚህ ላይ ሊያቋርጡኝ ይችላሉ። እማሆይ ሚኒማሊስት አይደሉም ይላሉ፤ ጌጥ ይበዛባቸዋል፣ የራይሽም ሆነ የግላስ የድግግሞሽ ዘዴ በሥራቸው የለም፣ ራሳቸውም ከዚያ ወገን ነኝ አላሉም። ልክ ናቸው። የያሬድ ዜማም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ ሦስት ብቻ ቢሆኑም በድጓው ላይ የተጻፉትን ምልክቶች አውቆ ለመምህርነት ለመብቃት ዓመታት ይፈጃል። እኔ የምለው እማሆይን ወይም ያሬድን በአንድ የአሜሪካ ዘመን ስም እናጥምቃቸው አይደለም። ፔርት የኢትዮጵያን ዜማ ሰምቶ ተማረበት ብዬም አልከራከርም። የምለው ስለ አድማጩ ነው። ጥቂት መሣሪያ፣ የተወሰነ ድምፅ፣ መመላለስ፣ ያለ ችኮላ መቆየት፤ እነዚህን የሚጠይቁ ሙዚቃዎች የትውልድ ሐረጋቸው ቢለያይም የሚጠይቁት የመስማት ችሎታ አንድ ነው። የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ወገን ከወገን ይለይ፤ ሥራው ነው። አድማጭ ግን ጆሮውን ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞ ለመሻገር የታሪክ ጸሐፊውን ፈቃድ አይጠብቅም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነው፤ ከአማኙ ወገን ስለሚመጣ። ማኅሌት ጸሎት ነው፣ በገና ምስጋና ነው፤ ከመዝናኛ ሙዚቃ ጋር አንድ ላይ አስቀምጦ ማወዳደር ማርከስ አይሆንም ወይ? አይሆንም እላለሁ፤ ግን በአንድ ግዴታ። ማኅሌቱን ከቦታው አውጥቶ የሻይ ቤት ማጀቢያ ማድረግ በእርግጥ ማርከስ ነው። በጸሎት ቤት የሠለጠነ ጆሮ ከዚያ ውጭ ያለውንም ነገር በእርጋታና በአክብሮት እንዲሰማ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። ፔርት ከዝምታው የወጣው የቤተ ክርስቲያንን ዜማ ካጠና በኋላ ነው፤ ዝግታውንም የወረሰው ከዚያው ነው። እማሆይም መነኩሲት ሆነው ፒያኖ ሲጫወቱ መንገዳቸው አልተጣላባቸውም፤ ሁለቱ በአንድ ሕይወት ውስጥ ዐሥርተ ዓመታት አብረው ኖረዋል።

ሦስተኛው፣ ቀላል ሙዚቃ የድህነት ሙዚቃ ነው የሚለው ንቀት ነው። ከተማ ቀመስ ሰዎች ጥቂት ድምፅ ሲሰሙ የሚጨመርበት ነገር የጠፋ ይመስላቸዋል። ከሰቆጣ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ያለው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ለዚህ መልስ ነው። ያን ቤተ ክርስቲያን የሠሩት ሰዎች ድንጋይ አልካቡም፤ ከአለቱ የማያስፈልገውን እየፈለፈሉ አውጥተው ጣሉ፣ የቀረው ቤት ሆነ። አንድ ምት ቢሳሳቱ ድንጋዩ አይመለስም። ፔርትም ከአንድ የፒያኖ ሥራ ውስጥ ሊኖሩ የሚችሉትን ድምፆች ሁሉ አስወጥቶ ጥቂቶቹን አስቀረ፤ የቀሩት ስሕተትን የሚሸከሙበት ቦታ የላቸውም። በመቀነስ የሚሠራ ሥራ በመደመር ከሚሠራው ይበልጥ እጅ ይጠይቃል። የዋግ ሰው ይህን ከቅድመ አያቶቹ አለት ላይ በዐይኑ ሊያየው ይችላል።

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ግን የኑሮው ነው። ዋግ ኽምራ ድርቅ የሚመላለስባት፣ ከቅርብ ዓመታት ጦርነትና መፈናቀል ያላገገመች ምድር ናት። ሰው እህልና መድኃኒት በሚሻበት አገር ስለ ፒያኖ ማውራት ቅንጦት አይሆንም? ጥያቄውን በቀላሉ አላልፈውም፤ እህል ከሙዚቃ ይቀድማል። ሆኖም ይህ የሙዚቃ ዓይነት የተወለደው በጠገቡና በተመቻቸው መካከል ብቻ አይደለም። የፖላንዱ ሄንሪክ ጉሬትስኪ በ1976 እ.ኤ.አ. የጻፈው ሦስተኛ ሲምፎኒ ሦስት ዘገምተኛ ክፍሎች ብቻ አሉት፤ የመካከለኛው ክፍል ቃል አንዲት የ18 ዓመት ልጃገረድ በናዚ እስር ቤት ግድግዳ ላይ የጻፈችው ነው፤ እናቷ እንዳታለቅስ የምትለምንበት። በ1992 በዘፋኟ በዶውን አፕሾ ድምፅ የወጣው ቅጂ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። የእማሆይም ታሪክ ከእኛው መከራ የተቀዳ ነው። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን ከቤተሰባቸው ጋር ማርኮ መጀመሪያ ወደ አዚናራ ደሴት፣ ከዚያም ኔፕልስ አጠገብ ወዳለችው መርኮሊያኖ ወሰዳቸው፤ ገና ታዳጊ ነበሩ። በቀጣዩ መስከረም እዚህ ዋግ ውስጥ በጠላት ላይ የተነሡት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ተሰዉ፤ ጣሊያኖችም አንገታቸውን ቆረጡ። ያ ዘመን ለዋግ የአርበኝነት ታሪክ ሆኖ ሲተርፍ፣ ለአንዲት ታዳጊ ደግሞ ኋላ በፒያኖ ላይ ለወጣው ናፍቆት መነሻ ሆነ። ኀዘን ያየ ሰው ጩኸት የማያበዛ ሙዚቃ ሲፈልግ ቅንጦት ፈለገ አይባልም። ዋጋውም ቢሆን ቅንጦት አይደለም፤ አንድ ስልክ፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫና ጸጥ ያለ ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ከእማሆይ በኋላ ለሚቀጥለው እርምጃ ግርማ ይፍራሸዋ አለ። በክራር ጀምሮ፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አልፎ፣ ሶፊያ ቡልጋሪያ ላይ የሠለጠነ ፒያኒስት ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው አልበሙ ውስጥ አምባሰል የተሰኘ ሥራ አለ፤ ዋሽንት የያዘውን እረኛ የሚያሰማ ሌላም አለ። የእሱ ፒያኖ ከእማሆይ የበለጠ የኮንሰርት አዳራሽ ጠረን አለው፤ ለዚህም ከአገር ቅኝት ወደ ሳቲና ወደ ፔርት ለሚሻገር ሰው መካከለኛ ማረፊያ ይሆናል። ከዚያ «ለአሊና»፣ ቀጥሎም ፒያኖና ቫዮሊን ብቻ ያሉበት «መስታወት በመስታወት ውስጥ» የተባለው የፔርት ሥራ ይመጣል፤ እሱ አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ራይሽንና ግላስን መጨረሻ ላይ አድርጓቸው። የእነሱ ድግግሞሽ ፈጣንና ግትር ነው፤ ትዕግሥቱ ሳይዳብር ለገባ ሰው የተበላሸ ሸክላ ሊመስለው ይችላል። የጽፋትን ፍጥነት ከቁም ዜማው ተነሥቶ የደረሰበት ሰው ግን የሚያድገውን ነገር ይከተላል።

አንድ ልማድ ግን መተው አለበት። ይህን ሙዚቃ ለጥናት ወይም ለእንቅልፍ ማጀቢያ አድርጎ ከበስተጀርባ መክፈት ዛሬ የተለመደ ነው። አይጎዳም፤ ግን መስማት አይደለም። ሥራ ፈትቶ፣ ቁጭ ብሎ፣ አንዱን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያዳመጠ ሰው ሁለተኛውን ጊዜ ሲሰማ የድምፁን መነሣት ብቻ ሳይሆን ድምፁ ሲሞት ያለውን ረጅም መንገድ ይሰማል። ፔርትም እማሆይም የጻፉት ብዙ ነገር እዚያ መንገድ ላይ ነው ያለው።

በሰቆጣ፣ በደሃና፣ በጋዝጊብላ፣ በአበርገሌና በሌሎቹም ወረዳዎች ላሉ መምህራን አንድ ልመና አለኝ። ፒያኖ እስኪገዛ አትጠብቁ፤ ለመስማት አያስፈልግም። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ በአንዲት ትንሽ ድምፅ ማጉያ፣ ልጆቹን የበገና ደርዳሪ አሰሟቸው፤ በአካባቢው ካለም ራሱን ጋብዙት፣ እንዚራውን ሲያስተካክል ይዩት። በሳምንቱ የእማሆይን ሰባት ደቂቃ ክፈቱላቸው፤ ምን እንደሰሙ በአማርኛም በኽምጣናም ይናገሩ። ሦስተኛው ሳምንት የፔርት ይሁን። ዜማ የሚያውቁ አባቶችም ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብለው ይስሙ፤ ስለ መስማት ከእነሱ የበለጠ መምህር በአካባቢው የለም።